ሰማያዊ ክዳን ያለው ጄል

የባልዲው ክዳን ሰማያዊ ነበር። እኔ ከከማሉ ሱቅ የምገዛው የኬክ ጄል ሁልጊዜ አረንጓዴ ክዳን ካለው ባልዲ የሚወጣ ነው፤ አረንጓዴው ላይ የቅጠል ሥዕልና የሐላል ምልክት አለበት። ሰማያዊው ላይ ሁለቱም የሉም። ይህን ያየሁት ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነው። ኬኩ ግን እሁድ ዕለት በጎረቤታችን በሐጂ ሰማን የልጅ ልጅ ኒካህ ላይ ተቆርሶ ተበልቷል።

ኬክ ጋግሮ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ጄል ነጣ ያለ፣ እንደ ቅባት የሚያዳልጥ ነገር ነው። እንቁላልና ስኳር ሲመታ ትንሽ ጣል ከተደረገበት ሊጡ ቶሎ ይነፋል፣ ዘይቱና ውሃው አይለያዩም፣ ኬኩም ለስላሳ እንደሆነ ይሰነብታል። እዚህ ቡታጅራ እንደ እኔ ቤቷ ሆና የምትጋግር ሴት ሙሉ ባልዲ አትገዛም። ባለሱቁ በማንኪያ እየዛቀ በፌስታል ቋጥሮ ይሰጣታል፤ እሷም ፌስታሉን ይዛ ትሄዳለች። ባልዲው ከባንኮኒው ጀርባ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ምን እንደተጻፈበት የሚያየው የለም። ያን ቀን ያየሁት ከማሉ መደርደሪያውን ሲጠርግ ባልዲውን አንስቶ ባንኮኒው ላይ ስላስቀመጠው ብቻ ነው።

«ከማሉ፣ አረንጓዴው የት ሄደ?» አልኩት።

«አረንጓዴው ካለቀ ቆየ እኮ፣ እትዬ ወርቅውሃ። ይሄም ያው ነው። እንዲያውም ይሄኛው የበለጠ ይነፋል ይላሉ።»

«የሰርጉን ጄል ከየትኛው ነው የሰጠኸኝ?»

«ከዚሁ ነዋ።»

አብራኝ የነበረችው ልጄ ሀሴት ባልዲውን ወደ ራሷ አዞረችው። ሀሴት ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ነው። በጣቷ እየተከተለች አነበበችና፣

«ኢ-471 ይላል እማ። ከምን እንደተሠራ ግን አልጻፉም» አለችኝ።

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። በእድራችን ሴቶች የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ተልኮልን ነበር። ፊቱ የማይታይ፣ ድምፁ ብቻ የሚሰማ አንድ ሰው «471 የተጻፈበት ሁሉ የአሳማ ስብ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል፣ ለምትወዱት ሰው አስተላልፉ» ይላል። እኔም አስተላልፌዋለሁ። አረንጓዴው ላይም ያው ቁጥር መኖር አለመኖሩን አይቼ አላውቅም፤ የሐላሉ ምልክት ይበቃኝ ነበር።

ነገሩ ለምን እንዳስደነገጠኝ የሚገባው የእኛን ሰፈር ወግ የሚያውቅ ነው። ክርስቲያኑ የእስላሙን ሥጋ፣ እስላሙም የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም። በዓል ሲሆን እኛ ለእስላም ጎረቤቶቻችን በግ የምናሳርደው በእነሱ ሰው ነው፤ የሚቀቀልበትም ድስት ለብቻው ነው። ክትፎ ሲሆን ገበታው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ቆጮው፣ ጎመኑ፣ ዳቦውና ኬኩ ግን የሁላችንም ነው። እኔን ክርስቲያኗን ሐጂ ሰማን ለኒካህ ያዘዙኝ፣ ኬክ ውስጥ ሥጋ የለም ብለው ነው። ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ ድንኳን ያስተከሉልኝ፣ ለቀስተኛ ተቀብለው ያስተናገዱልኝ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ለእኚህ ሰው ምን አብልቼ ይሆን?

ይህን እያሰብኩ ሐጂ ሰማን ራሳቸው በበሩ ገቡ።

«አሰላሙ ዓለይኩም ከማሉ። የሀሴት እናት፣ እዚህ አለሽልኝ?» አሉ። ሐጂ ሰማን መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው በእርጅናቸው ወደ አገራቸው የተመለሱ፣ ሰባውን ያለፉ ሰው ናቸው። «እጅሽ ይባረክ። ከወራቤ የመጡት አማቾቻችን ኬኩን አመስግነው አልጠገቡም። እኔም ስኳር አለብህ እያሉኝ ሁለት ቁራጭ በልቻለሁ። ለቅዳሜው የሰርጉ ምላሽም የምትጋግሪው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አንፈልግም።»

«እሺ ሐጂ፣ ይባርኩኝ» አልኩ።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ሀሴት።

ክንዷን ቆነጠጥኩት።

«እማ፣ አትቆንጥጪኝ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል» አለችኝ ጮክ ብላ። ከማሉ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ መወልወያ ጨርቁን ፈለገ።

ነገረቻቸው። ባልዲውን አሳየቻቸው፤ የኬኩ ጄል ከዚሁ የተዛቀ መሆኑን፣ ጽሑፉ ጄሉ ከምን እንደተሠራ እንደማይገልጽ፣ ሰው ስለ ቁጥሩ የሚያወራውንም አልሸሸገችም። ሐጂ ከዘራቸውን ተመርኩዘው እስክትጨርስ አዳመጧት።

«ስንት አልሽኝ ቁጥሩን?»

«አራት መቶ ሰባ አንድ።»

«ምግብ እንደ እስረኛ ቁጥር የሚሰጠው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። «የሀሴት እናት፣ ቂም የለኝም። አንቺ እያወቅሽ እንዲህ አታደርጊም። እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ከፋብሪካ የወጣ ነገር አይታመንም። የአገራችን ሰው ቆጮውን በልቶ፣ ወተቱን ጠጥቶ ዕድሜ ይጠግብ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእንግዲህ ከቤትሽ ምንም አትላኪልን፤ እኛም አንልክልሽም። ለሰላምታ እንገናኛለን፣ ለእድር እንገናኛለን። አፋችንን ብቻ እንለያይ። ለሁለታችንም ደኅና የሚሆነው ይሄ ነው።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተቆጣም። ተቆጥተው ቢሆን ነገ ይበርድላቸዋል ብዬ በተጽናናሁ ነበር።

«ሐጂ፣ ይፍረዱ፤ መብትዎ ነው። ግን የሚፈርዱበት ነገር ምን እንደሆነ ሳይጠይቁኝ ነው?» አለች ሀሴት።

«ምን ልጠይቅሽ? ኬክ ለመማር ነው እንዴ እስከ ወልቂጤ የሄድሽው?»

«አዎ፣ እሱንም ተምሬያለሁ። ከማሉ፣ ባዶ ሃይላንድ አለህ? ትንሽ ዘይትም።»

ከማሉ እያጉረመረመ የውሃ ፕላስቲክ ሰጣት። ውሃ አደረገችበት፣ ዘይት ጠብ አደረገችበት፣ ክዳኑን ገጥማ ወዘወዘችው። ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጠው ዘይቱ ወዲያው ወደ ላይ ተንሳፈፈ።

«ይህን ማንም ያውቀዋል» አሉ ሐጂ። «ዘይትና ውሃ መቼ ታርቀው ያውቃሉ?»

ሀሴት ከሰማያዊው ባልዲ በማንኪያ ጫፍ ጄል ወስዳ ጨመረችበትና ረዘም አድርጋ ወዘወዘችው። ውስጡ እንደ ወተት ነጣ። ብንጠብቅም አልተለያየም።

«ሽማግሌ ማለት ይህ ነው ሐጂ። አንድ እጁን ዘይቱ ይይዘዋል፣ ሌላውን ውሃው ይይዘዋል። ሥራው ማስታረቅ ብቻ ነው።»

«ሽማግሌስ ጥሩ። የማን ልጅ እንደሆነ ግን ሳይታወቅ ሽማግሌ አይላክም።»

«ወደዚያው እየመጣሁ ነው። መጀመሪያ ግን ይህ ነገር ፈረንጅ የፈጠረው እንዳይመስልዎ። እናትዎ ቅቤ ሲንጡ አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ክንዳቸው እስኪዝል ነበር የሚንጡት።»

«ቅቤው ከመጀመሪያውም ወተቱ ውስጥ አለ። ታዲያ ለምን ያን ያህል ይደክማሉ?»

ሐጂ ሃይላንዱን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዩት።

«ወተቱ ውስጥ ስቡን በትናንሹ ሸፍኖ የሚይዝ ነገር ስላለ ነው። እሱ እስኪቀደድ ድረስ ስቡ እርስ በርሱ ተገናኝቶ ቅቤ አይሆንም። የእንቁላል አስኳል ውስጥም እንዲህ ያለ አስታራቂ አለ። ሆዳችን ውስጥም አለ። በግ ሲያርዱ ሐሞት የነካው እጅ ቅባቱ ሲለቅ አላዩም?»

«አይቻለሁ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «ሐሞት ከሳሙና ይበልጣል ይሉ ነበር።»

«ሐሞት ሆዳችን ውስጥ ቅባቱን በታትኖ ከውሃው ጋር ያስታርቀዋል። ቀጥሎ ሆድ ቅባቱን ሲፈጨው ከሚወጣው ነገር አንዱ ራሱ ይሄ 471 የሚሉት ዓይነት ነው። ክትፎ የበላ ሰው ሆዱ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይሠራዋል።»

እዚህ ላይ እኔም መናገር አማረኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ባዮሎጂ ላይ ስለ ሐሞት ለፈተና ሸምድጄ ነበር፤ ከኬኬ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

«ካንሰሩስ ሀሴት? ቪዲዮው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሏል» አልኳት።

«ቪዲዮውን የሠራው ማን ነው እማ?»

«ስሙ የለበትም።»

«ባለሙያዎች መርምረው ምግብ ውስጥ በሚገባው መጠን ጉዳት አላገኙበትም። ምርምሩ አልቆመም፤ አዲስ ነገር ቢገኝ ይነገረናል። እኔ ግን ከኬክሽ የምፈራው ስኳሩን ነው። ሐጂም ሁለት ቁራጭ በመብላታቸው መጸጸት ያለባቸው ለስኳራቸው ነው።»

«እኔን ተይኝና ወደ ጥያቄዬ ተመለሽ» አሉ ሐጂ። «የማን ልጅ ነው? አሳማ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም?»

አይችልም እንድትል በልቤ ለመንኳት።

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከዘንባባ ወይም ከአኩሪ አተር ዘይት ነው። ግን ከእንስሳ ስብም ይሠራል፤ ከበሬም፣ ከአሳማም። ቁጥሩ ምን ሥራ እንደሚሠራ ይነግረናል እንጂ ከምን እንደመጣ አይነግረንም። 471 ሁሉ አሳማ ነው የሚለው ውሸት ነው። 471 ሁሉ ንጹሕ ነው የሚልም ቢመጣ ያው ውሸታም ነው። ደግሞ ጥያቄው የእርስዎ ብቻ አይደለም። እማ፣ በጾም ለማኅበርተኞችሽ እንቁላል የሌለው ኬክ የምትጋግሪው በምንድን ነው?»

«በጄል ነዋ» አልኩና ነገሩ ገባኝ። ከእንስሳ ስብ ከሆነ ዓቢይ ጾምን በሙሉ ስንገድፍ ከርመናል።

ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እንግዲያው አንድ ባልዲ ሁለታችንንም አስኮንኖናል በያ።»

ሆኖም መሳቃቸው መስማማታቸው አልነበረም። ከዘራቸውን አንስተው «የምትይው ገብቶኛል። ሳይንሱን አልጠላሁትም። ግን ራስሽ ሊሆን ይችላል አልሽ። ሊሆን የሚችለውን ለምን እበላለሁ? ሁሉንም መተው ነው የሚያዋጣው» አሉና ወደ ከማሉ ዞሩ። «በል ብስኩቴን ስጠኝና ልሂድ።»

ከማሉ ብስኩቱን አውርዶ ሊሰጣቸው ሲል ሀሴት ተቀበለችው።

«ይሄን በየቀኑ የሚወስዱት ለማን ነው ሐጂ?»

«ለልጆቹ።»

«ልጆቹ እኮ ለትምህርት ከሄዱ ከረሙ» አለ ከማሉ። «በሻይ እየነከሩ የሚበሉትስ እሳቸው ናቸው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

ሀሴት ማሸጊያውን ወደ መብራቱ አቀረበችው። «እዚህም ላይ አስታራቂው አለ። ኢ-322 ይላል፤ ሌሲቲን ነው። ቀጥሎም ኢ-471 አለ። ይዩት።»

ሐጂ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ብስኩቱ ለብዙ ዓመት የጠዋት ቁርሳቸው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ግን ይሄኛው ምን ብሎ ጨመረ?» አለች ሀሴት። «ሌሲቲኑ ከአኩሪ አተር፣ 471ዱ ከዕፅዋት ዘይት ይላል። ጥግ ላይ ደግሞ የሐላል ምልክት አለው። ቁጥሩ ብስኩቱም ላይ አለ፣ ባልዲውም ላይ አለ። ብስኩቱ ወላጁን ተናገረ፣ ባልዲው ግን ዝም አለ። ሐጂ፣ ሁሉንም ተዉ ካልን ብስኩቱም ይቀራል። ምንጩን እንጠይቅ ካልን ግን የሚቀረው ዝም ያለው ብቻ ነው።»

ሐጂ ባልዲውን ወደ ራሳቸው ጎተቱና ብስኩቱን ከጎኑ አቆሙት። ሁለቱን ለረጅም ጊዜ ሲያስተያዩ ከማሉ መጥረጉን ተወ።

«እኔ ጨርቅ ስነግድ» አሉ በመጨረሻ፣ «ቀለሙን አይቼ ጣቃ ገዝቼ አላውቅም። ከየት ፋብሪካ ነው፣ ጥጥ ነው ወይስ ሌላ ቀላቅለውበታል ብዬ ሳልጠይቅ፣ በጣቴ ሳላሸው አልወስድም ነበር። ሰው ለሚለብሰው ይሄን ያህል ስጠይቅ ኖሬ፣ ለሆዴ የሚገባውን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ከማሉ፣ ይሄን ባልዲ ላመጣልህ ሰው ደውልልኝ።»

ከማሉ አዲስ አበባ ላለው አከፋፋይ ደውሎ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ሰውየው ጥያቄውን ከሰማ በኋላ «ወንድሜ፣ ጄል ጄል ነው፤ አገሩ ሁሉ እየገዛው አንተ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ዘጋው።

«ይኸው። ነጋዴው ካላወቀ እናንተ አልጠየቃችሁትም ማለት ነው» አሉ ሐጂ። ከማሉ አቀረቀረ።

ሀሴት ባልዲው ላይ የሠሪውን አድራሻ አግኝታ በስልኳ ጻፈችለት። መልሱ በሌላው ሳምንት መጣ፤ ከዘንባባ ዘይት የተሠራ ነው ብለው ማስረጃውን በፎቶ ላኩልን። ያን ማታ ግን ይህን አናውቅም ነበር። ሐጂ የወሰኑት ሳያውቁ ነው፤ ስለዚህም ውሳኔያቸውን ከመልሱ ይበልጥ አከብረዋለሁ።

«የሀሴት እናት» አሉኝ። «ሳናውቅ የበላነውን አላህ ይምረናል። የምንጠየቀው ካወቅን በኋላ ባለው ነው። አፋችንን እንለያይ ያልኩትን ትቼዋለሁ። ልጅሽ ባትነግረኝ ኖሮ ነገ ከገበያ እሰማው ነበር፤ ያኔ የምለያየው ከኬኩ ሳይሆን ከአንቺ ነበር።»

«የወራቤዎቹስ ሐጂ? ቢሰሙ ጋብቻውን ያፈርሱታል» አልኩ። እውነት ለመናገር ሙሽራዋ ዕቃዋን ይዛ ስትመለስ ሁሉ ታይቶኝ ነበር።

«በኬክ የሚፈርስ ኒካህ ካለ ድሮም አልታሰረም። እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ከዚያ ወደ ከማሉ ዞረው ባልዲው ከእንግዲህ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ አዘዙት። ሰው ፌስታሉን ከመቀበሉ በፊት ጽሑፉን ይይ አሉ።

«ማን ያነበዋል ብለው ነው?» አለ ከማሉ።

«ማንበብ ላልቻለ አንተ ታነብለታለህ። ምንጩ ያልተጻፈበትን ደግሞ አታምጣ። አንተ ካላመጣህ አከፋፋዩ ይጠይቃል፣ አከፋፋዩ ከጠየቀ ሠሪው ይጽፋል።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ግን ከከማሉ ጄል የምትገዛ ሴት ሁሉ ባልዲውን አዙራ ታያለች፤ ጾመኛውም እስላሙም አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥያቄያችን አንድ መሆኑንም ያወቅነው በዚሁ ነው። እኔም ቪዲዮውን ላስተላለፍኩላቸው ሴቶች ሁሉ እውነቱን መልሼ ጽፌላቸዋለሁ። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ አሁን ግን ከመፍራቴ በፊት ከምን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ከጥያቄው በኋላ የሚተርፈው ፍርሃት ጥቂት ነው። የምንበላውን የሠራው ሰው ሩቅ አገር ባለበት ዘመን ሁሉን ማመንም ሁሉን መጣልም ቀላል ነው። ሁለቱም ግን ገበታን ይለያያሉ። ጠይቆ መብላት ትንሽ ያደክማል፣ ጎረቤትን ግን ያቆያል።

«የምላሹስ ኬክ?» አልኩ ያን ማታ፣ ገና ሱቁ ውስጥ እንዳለን። «መልሱ እስኪመጣ በዚህ ጄል አልሠራም።»

«አስኳል አለ አላልኩሽም እማ?» አለች ሀሴት። «ረዘም አድርገሽ ምቺው። እንደ ጄሉ አይነፋም፤ ቶሎም ይደርቃል። በዕለቱ ከተበላ ግን ማንም አያውቅብሽም።»

«ይታወቅብሽ እንጂ» አሉ ሐጂ። «ቅዳሜ ኬኩን የምትቆርሺው አንቺ ነሽ። ከመቁረስሽ በፊትም ቆመሽ ምን እንደገባበት ትነግሪያቸዋለሽ። እንቁላሉን፣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ሁሉንም።»

«እኔ በሰው ፊት መናገር አልችልም ሐጂ። ድምፄ ይጠፋል።»

«ይጥፋ። በቀስታ ተናገሪ፣ ሰው ጸጥ ብሎ ይሰማሻል።»

ከመስጊዱ የዒሻ አዛን ተሰማ። ከማሉ መብራቱን አጠፋና ሦስታችንንም እየገፋ ወደ ውጭ አወጣን። ሐጂ ደረጃው ላይ ቆመው መልሴን ይጠብቁ ነበር። እሺ ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳቸው። ከማሉ የብረቱን በር ስቦ ዘጋው፤ ጓጉንቸሩን አስገብቶ ቆለፈ።